መኪና የማይሄድበት መንገድ

አምቦ ውስጥ ብስክሌት እየነዳ ኦቦ ገቢሳን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ብስክሌቱ የተዋሰው ነው፣ ወይ ጎማው ተንፍሶ አያውቅም። ከገበያው በታች ባለችው የቆርቆሮ መጠገኛቸው ስንት የታጠፈ ቸርኬ ተቃንቷል! አንዱ ልጃቸው ዲንሳ በ1975 ዓ.ም. ከብስክሌት ቡድን ጋር ለውድድር ጣልያን ሄደ። ቡድኑ ሲመለስ እሱ ቀረ። አምቦ ላይ ደብዳቤ ተቀባይና መላሽ የሆኑት የኦቦ ገቢሳ እህት ወይዘሮ ጌጤነሽ ናቸው፤ ከመጠገኛው ጎን ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ዲንሳ በኦሮምኛው የአባቱን እህት «አዳዳ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም «ኢልማ ኮ»፣ ልጄ፣ ይሉታል። በአንድ ዓመት ውስጥ የተጻጻፉት ይኸው። ማን ማንን እንደጠረጠረ ለማወቅ ብዙ ገጽ አያስፈልጋችሁም፤ ማን ልክ እንደነበረ ለማወቅ ግን እስከ መጨረሻው ታገሡ።

*

ኢምፔሪያ፣ ጣልያን
ጥቅምት 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ አዳዳ ጌጤነሽ፣ ለውድ አባዬም፤

ባሕር አቋርጦ የሚመጣ ሰላምታዬ ከነሙቀቱ ይድረሳችሁ። መስቀልን እንዴት አሳለፋችሁ? ዝናቡስ በጊዜው ወጣ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።

አባዬ፣ ሥራ አገኘሁ። ብስክሌት የሚያከራይና የሚጠግን አንድ ሽማግሌ አለ። የጀርመን አገር እንግዶች ወደሱ ይመጣሉ። ታዲያ ባሕሩን ይዞ የሚሄደው ትልቁ መንገድ በመኪና ታፍኗል፤ እንግዶቹ የሚፈልጉት ጸጥታ ነው። ሽማግሌው «አንተ ዳገት የምትወድ ሰው ነህ፤ ከባሕሩ በላይ ያለውን ኮረብታ ሁሉ ዙርና መኪና የማይሄድበትን መንገድ ጻፍልኝ» አለኝ። ብስክሌት እየነዳሁ ይከፈለኛል፤ ታምናለህ?

የትናንቱን ልንገርህ፤ እንደ ድሮው ዓይንህን ጨፍነህ ተከተለኝ። ከባሕሩ ተነሥተህ ወንዙን ይዘህ ሰባት ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ትገባለህ፤ ዶልቼዶ የምትባል መንደር ትደርሳለህ። አሮጌ የድንጋይ ድልድይ አለ። ኮዳህን እዚያ ሙላ፤ ከዚያ በላይ ውሃ የለም። ከድልድዩ በኋላ ዳገቱ ይጀምራል፤ ግራና ቀኙ በድንጋይ እርከን የተደረደረ ወይራ ነው። ጠዋት ነፋሱ ከተራራው ይወርድና ደረትህን ይዞ «ተመለስ» ይልሃል። ከቀትር በኋላ ግን ከባሕሩ ይነሣል፤ ወገብህን ደግፎ ይገፋሃል። እኔም ብልጥ ሆኜ ከምሳ በኋላ ወጣሁት። ከጉደር ወደ ጌዶ ስንወጣ ከኋላችን ይመጣ የነበረውን ነፋስ ታስታውሳለህ? እሱው ነው፤ የዚህኛው ጨው ጨው ይላል እንጂ።

አዳዳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባዬ ሁልጊዜ ከደብዳቤሽ ግርጌ «አባትህ ገቢሳ» ብሎ ይፈርም ነበር። በመጨረሻው ደብዳቤ ላይ የለም። ረስቶት ነው?

ልጃችሁ ዲንሳ ገቢሳ

*

አምቦ
ኅዳር 28 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ፣ ለዲንሳ ኮ፤

ውሃን ከድንጋይ ውስጥ ያፈላልን አምላክ አንተንም ከባዕድ ክፉ ይሰውርህ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ደብዳቤህ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ደረሰ። ጫፉ ተቀዶ እንደገና ተለጥፏል፤ ሙጫው ያለህበት አገር ሙጫ አይመስለኝም፤ ያም ሆኖ ደረሰ።

ያንተ ደብዳቤ ሲመጣ ሱቄ ቦታ አይበቃውም። ጎረቤታችን መድና ከነቤተሰቧ መጣች። የቀበሌያችን ጸሐፊ ጓድ ቦጂያም ለሰላምታ ብሎ ጎራ አለ፤ ለሰላምታ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ። አባትህን በር ላይ አስቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሁሉም መረቁህ።

እኔ ግን ለብቻዬ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አትቆጣኝ። ሰው መኪና የሚገባበት መንገድ አጥቶ ያለቅሳል፤ አንተ መኪና የማይገባበትን ፈልግ ተብለህ ይከፈልሃል? ከፋዩ ማነው? ጀርመኖቹስ በየቦርሳቸው የሚይዙት ምንድን ነው? ባሌ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ጨው ነጋዴ ነበር፤ ኬላ የሌለበትን መንገድ የሚያጠያይቅ ሰው ምን እንደሚጭን አውቃለሁ። ኢልማ ኮ፣ ኮንትሮባንድ ከሆነ ዛሬውኑ ተው። ባሕር ዳር ያለ ኮረብታ ላይ፣ ጸጥ ባለ መንገድ፣ በብስክሌት! እኔ እንኳ ከዚህ ሆኜ ገባኝ፤ ፖሊሱ አይገባውም?

ፊርማውን ስለጠየቅኸኝ፤ አባትህን ዓይኑን ትንሽ አሞት ነው። ይበላል፣ ይቆጣል፣ ደህና ነው። መነጽር ብትልክለት ይወዳል።

የጎረቤታችን የዱጋሳ ትልቁ ልጅ በጥቅምት ተጠርቶ ወደ ሰሜን ሄደ፤ እስካሁን ወሬው የለም። አንተንም የጠየቁ እንግዶች ነበሩ። «መቼ ነው የሚመጣው?» ይላሉ፤ በጣም ወደውሃል። እኔም «አገሩ ተስማምቶታል» አልኳቸው። ልብ ላለው ይበቃል።

አዳዳህ ጌጤነሽ

*

ኢምፔሪያ
ጥር 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለውድ አዳዳዬ፤

ልደትንና ጥምቀትን በሰላም እንዳሳለፋችሁ ተስፋዬ ነው። የዘገየሁት የወይራ ለቀማ ወቅት ሆኖ ሥራ ስለበዛ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ኮንትሮባንድ ያልሽውን ለሽማግሌው ተርጉሜ ነገርኩት፤ ሳቁ አላቆም ብሎት ወንበር ያዘ። እንግዶቹ በቦርሳቸው የሚይዙት ሙዝና የዝናብ ልብስ ነው። መኪና የሌለበትን የሚፈልጉት የወፍ ድምፅ ለመስማት ነው። አታምኚኝም፤ አውቃለሁ።

መነጽሩን እንድልክ ሐኪም የጻፈለትን ቁጥር ላኪልኝ።

አባዬ፣ የዚህ ወር መንገድ ይህ ነው። ከዶልቼዶ ድልድይ ወደ ላይ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር። ሃያ ሦስት ጥምዝ። አምስተኛው ጥምዝ ላይ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዘጠነኛው ላይ አረንጓዴ በር ያለው ቤት፤ ውሻው የታሰረ ነው። ከአሥራ አራተኛው በኋላ ሁለት ቤት፤ ውሻቸው ያልታሰረ ነው። ጫፉ ላይ ባሕሩ ከነመርከቡ ይታያል። መኪና በቀን ከስድስት አይበልጥም።

አዳዳ፣ እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። አባዬ ዓይኑን ቢያመው ፊርማውን በጨለማም ይፈርማል። እሱን ተይው። መንገዱን አንብበሽለት «ስንተኛ ማርሽ ላይ ወጣኸው?» ሳይል ቀረ? እኔ ለገበያ ጉደር ደርሼ ስመለስ እንኳ የሚጠይቀኝ እሱን ነበር፤ እንደምን ዋልክን ከዚያ በኋላ ነው የሚያስታውሰው። ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ መንገዱ አንድም ቃል ከአፉ የለም። ለምን?

ዲንሳ

*

አምቦ
መጋቢት 8 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለዲንሳ ኮ፤

ጾሙን ያስጀመረን አምላክ በሰላም ያስፈታን፣ አንተንም ያለህበት ቦታ ይባርክልህ።

አባትህ ስለ መንገዱ ደስ ብሎታል። ብዙ የማይናገረው ጉንፋን ይዞት ነው። «ይፈርም» ስላልከኝ ይኸው ከታች አውራ ጣቱን በቀለም አስነክቼልሃለሁ። መነጽሩ ይቅር፤ ዓይኑ ተሻለው። ይልቅ ጫፉ ጎማ የሆነ ምርኩዝ እዚያ አገር አለ ይባላል፤ የማያንሸራትት። እሱን ላክልኝ፤ ለእኔ ነው። ቁመቱ ግን ረዘም ይበል።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። አባትህ ፎቶህን አምጡ ብሎ አላስቀምጥ አለኝ። ጉርድ አይደለም፤ ሙሉ ቁመት። ቆመህ። ወንበር ሳትደገፍ፣ ብስክሌት ሳትይዝ፣ ከፊትህ አጥር ሳይኖር። ሁለቱም እግሮችህ ይታዩ ብሏል፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ። ለምን ብዬ ብጠይቀው «እኔ ነኝ የምፈልገው» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ለጫማ ቁጥር ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

መድና «ልጁ አግብቶ እንደሆነ ጠይቂልኝ» ብላለች። ጓድ ቦጂያም እንደወትሮው ሰላም ብሎሃል። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ሰላምታው እየረዘመ ነው።

አዳዳህ ጌጤነሽ

*

ኢምፔሪያ
ሚያዝያ 14 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለአዳዳ ጌጤነሽ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ።

አውራ ጣቱን አየሁት። አባዬ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረ ሰው ነው፤ ፊርማው ላይ ለ«ገ» እንኳ ጭራ ይቀጥልላት ነበር። አሁን እንደ ማይም በጣት? ጣት ደግሞ የማንም ሰው ጣት ነው፣ አዳዳ።

ምርኩዙን ሰው ሳገኝ እልካለሁ። ግን አንቺ እኔ ስለያችሁ እንኳ እጃጂ ገበያ ሄደሽ ዕቃ ተሸክመሽ የምትመለሺ ሴት ነበርሽ። ቁመትሽም ከሱቅሽ ባንኮኒ ብዙ አይበልጥም። ረዥም ምርኩዝ ለምንሽ ነው?

ፎቶው ከውስጥ አለ። ጉርድ ነው፤ ፎቶ አንሺው ለሙሉ ቁመት የሚሆን ወረቀት አልቆበት ነው።

አባዬ፣ ይህ መንገድ ላንተ ነው፤ ጥሩ አድርገህ ስማው። ከኮረብታው ጫፍ ወደ ባሕሩ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ነው፤ በአንዱ ጎን የድንጋይ ግንብ፣ በሌላው ገደል። አስፋልቱ ላይ የወይራ ፍሬ ረግፎ ያዳልጣል። እኔ የኋላውን ፍሬን ትቼ በፊተኛው ብቻ ወረድኩት። በጣም ጥሩ ነበር። እንግዶቹም እንደዚያ እንዲያደርጉ ልጽፍላቸው ነው። ምን ትላለህ?

ዲንሳ

*

አምቦ
ግንቦት 26 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለዲንሳ ኮ፤

የልጅ ነገር ለማይሰለቸው አምላክ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን።

አባትህ የቁልቁለቱን ነገር ሲሰማ እንዴት ሳቀ መሰለህ! «ጎበዝ ልጄ፤ እንዲህ ነው እንጂ ፍሬን አያያዝ!» አለ። ጉንፋኑም ተሻለው።

ፎቶህ ያምራል፤ ወፍረሃል። ግን አባትህ አላመነም። ገልብጦ ጀርባውን አየው፤ እግርህ በዚያ በኩል ያለ ይመስል። ከዚያ «ከወገብ በታች የት አለ?» አለኝ። ወረቀት አልቆበት ነው አልኩት። «ጣልያን አገር ወረቀት አለቀ?» ብሎ ቀኑን ሙሉ ምግብ አልቀመሰም። እኔም ማሰብ ጀምሬያለሁ፣ ኢልማ ኮ። ምን እየደበቅኸን ነው?

ዱጋሳን በልጁ ነገር ጠርተውት ነበር። እኛም ልቅሶ ደርሰን መጣን።

አዳዳህ

*

ኢምፔሪያ
ሐምሌ 18 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ጌጤነሽ፤

ሰላምታ ለማን እንደምልክ ስላላወቅሁ አሳጥሬዋለሁ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ከጉደር በላይ ባለው ቁልቁለት በፊት ፍሬን ብቻ ወርጄ በአናቴ ተተከልኩ፤ የትከሻ አጥንቴ ተሰበረ። አባዬ ተሸክሞኝ እየሄደ «ከዛሬ ወዲያ የፊተኛውን ብቻ ስትይዝ ባይህ ሁለተኛውን አጥንት እኔ ራሴ እሰብረዋለሁ» ሲል አንቺም ከጎኑ ነበርሽ። ያ ሰው ነው «ጎበዝ ልጄ» ያለኝ? ሳቀ አልሽ?

ወጥመድ ነበር፣ አዳዳ። ገባሽበት።

የአጎቴ ልጅ ዓብዲሳ ኪየቭ ሲማር አባቱ ከሞተ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ የአባቱ ሰላምታ ይደርሰው ነበር። «በሰው አገር መርዶ አይነገርም» ብለሽ የሟቹን ሰላምታ የምትጽፊው አንቺ ነበርሽ። ፖስታ ቤት እየወሰድኩ የማስገባው እኔ ነበርኩ። ዓይኑን አሞታል፣ ጉንፋን ይዞታል፣ ምርኩዙ ለእኔ ነው... ያኔም እንዲህ ነበር የጻፍሽው፤ ጉንፋኑን እንኳ አልለወጥሽውም።

አባዬ መቼ ሞተ? ቀኑን ብቻ ንገሪኝ።

ጥቅምት 5 ሮም እሄዳለሁ። ኤምባሲው ገብቼ አገሬ መልሱኝ እላለሁ። የሚመጣውን እቀበላለሁ። ለቀብሩ ያልደረስኩ ለሙት ዓመቱ ልድረስ።

ዲንሳ

*

አምቦ
ነሐሴ 24 ቀን 1977 ዓ.ም.

ዲንሳ፣ ልጄ፤

ይህ በፖስታ ቤት አይመጣም። ሁሴን ነጋዴው የሚያውቀው መንገደኛ አለ፤ በእጁ ይዞልህ ይሄዳል። ስለዚህ ዛሬ ዙሪያ ጥምጥም የለም።

አባትህ አልሞተም። አልሞተም! ይህን ቃል ስጽፍ እጄ አፈረ፤ ለዓብዲሳም ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ውሸቴን በደህናው ቀን ጨርሼው እውነቱ ሲመጣ የምጽፍበት ቃል አጣሁ። በማርያም ብዬ እንዳልምል ያኔም ምዬ ነበር።

እንዲህ ነው የሆነው። ባለፈው ዓመት በነሐሴ አባትህን ቀኝ ጎኑን መታው። እጁ ቀረ፣ እግሩም ይጎተታል፣ ምላሱ ከብዷል፣ ፊደልም ተደባልቆበት ማንበብ ተስኖታል። ምርኩዙ ለእሱ ነው። ጣቱ የግራ እጁ ጣት ነው። አልነገርንህም፤ ብትሰማ ትመጣለህ፣ ብትመጣ ከቦሌ በቀጥታ ወይ ወደ እስር ቤት ነው፣ ወይ የዱጋሳ ልጅ ወደሄደበት።

ሁለተኛው ኃጢአቴ ከዚህ ይብሳል። ደብዳቤህን በሱቅ ሳነብ ቦጂያ አለ። የመጀመሪያው ቀን ድልድዩ ላይ ስደርስ «ድልድይ? ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ነው አለ? ለምንድን ነው ድልድይ የሚቆጥረው?» ብሎ እስክሪብቶ አወጣ። ከዚያ ወዲህ መንገድ መንገዱን እየዘለልኩ ሰላምታ ሰላምታውን ብቻ አነበብኩ። ለብቻው ላነብለት እችል ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ዳገት፣ ጥምዝ፣ ውሻ፣ ደግሞ ጥምዝ... ሰለቸኝ። ለመልሱ ያህል «ደስ ብሎታል» እላለሁ። የፍሬኑንም ሳቅ ከራሴ ነው ያወጣሁት።

አባትህ ግን በልቡ ይቆጥር ነበር ለካ! «ያ ልጅ ከመንገድ በቀር ወሬ አያውቅም፤ እንዴት ከድልድዩ ወዲያ ስለ መንገድ ሳይጽፍ ይቀራል? እግሩ አንድ ነገር ሆኗል» እያለ ነው ፎቶ ፎቶ ያለው።

የሐምሌው ደብዳቤህ ሲመጣ በሩን ዘግቼ አለቀስኩና ሁሉን ነገርኩት። ወንድሜ በዚያ በከበደው ምላሱ አንድ ቃል አንድ ቃል እያለ፣ «ጌጤ፣ መንገዴን ሰረቅሽኝ» አለኝ። ባሌ ሲሞት እንደዚያ አላመመኝም።

መምህር አዱኛን ጠራሁት። ሱቁን ዘግተን ደብዳቤዎችህን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሦስት ቀን አነበበለት። እኔም «ይኸው፣ እግሩ ደህና ነው፤ ይኸው ሲጋልብ!» አልኩት። ወንድሜ ግን ራሱን ነቀነቀ። መልሱን ለአዱኛ አጽፎታል፤ እኔ እንዳልነካው ከልክሎኛል። ከዚሁ ጋር አለ።

አዳዳህ፣ ውሸታሟ

*

በመምህር አዱኛ እጅ የተጻፈ፤ ቃሉ የኦቦ ገቢሳ ነው

ዲንሳ፣ ኢልማ ኮ፤

አለሁ። አዱኛ የምለውን ብቻ እንዲጽፍ ነግሬዋለሁ፤ ምላሴ ስለሚዘገይ እሱም እጁን ይዞ ይጠብቀኛል።

የፊት ፍሬኑ ወጥመድ መሆኑ ወዲያው ገብቶኛል። አንዴ አጥንቱ የተሰበረ ሰው በዚያ አይወርድም። ቢወርድም «በጣም ጥሩ ነበር» አይልም። እኔን ለመፈለግ ነው የጻፍከው። አገኘኸኝ።

አሁን ደግሞ እኔ ልፈልግህ።

የጥቅምቱን መንገድህን ሦስት ጊዜ አስነበብኩት። አንተ ነህ የሄድክበት። ጠዋት ነፋሱ ደረትህን ያዘህ፣ ከቀትር በኋላ ወገብህን ገፋህ። እኔም ከኋላህ ነበርኩ፤ ጨውን ቀመስኩት። የጥሩ መንገድ ግን ሌላ ነው። ሃያ ሦስት ጥምዝ ቆጥረሃል። በር አለ፣ ውሻ አለ፣ የታሰረና ያልታሰረ። ነፋስ የለም። የሚያዝያውም ውስጥ የለም። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ገደል ለገደል ወርደህ ነፋስ ሳይነካህ?

ኢልማ ኮ፣ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ደብዳቤ ውስጥ ነፋስ ይገባል። ሳይጠሩት ነው የሚገባ። ያን ዳገት የወጣው ሌላ ሰው ነው፤ ለአንተ የነገረህ። ውሻ የሚቆጥር ሰው ነው። አንተ ከጥር ጀምሮ ተቀምጠሃል። ፎቶህም ተቀምጧል።

እኔ እጄንና እግሬን ደበቅሁህ፤ ተሳስቻለሁ። አንተስ ምንህን ነው የደበቅኸኝ?

ወደ ሮም የሚወስደውን መንገድ ተወው። እሱ መኪና የሚበዛበት ነው፤ ላንተ ዓይነት ጋላቢ አይሆንም። ያለኸው መንገድ ላይ ቆይ።

ስንተኛ ማርሽ ላይ ነህ? እውነቱን።

አባትህ ገቢሳ
(ይህን በግራ እጄ ነው የፈረምኩት፤ የ«ገ»ን ጭራ እየው።)

*

ኢምፔሪያ
ጥቅምት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለሕያው አባዬ፤ ለአዳዳ ጌጤነሽም፤

መንገደኛው ጥቅምት 3 ቀን በሩን አንኳኳ። የሮም ባቡር ትኬቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር። «አልሞተም» የሚለውን ሳነብ ትኬቱን ገና አልተውኩትም፤ አዳዳ ጥሩ ጸሐፊ ናት። ያንተን ገጽ ግማሽ እስካነብ ድረስ ነው።

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ 9 በባሕሩ ዳር ባለው ትልቁ መንገድ የጭነት መኪና ገጨኝ። ቀኑን ሙሉ ጸጥ ያለውን መንገድ ስዞር ውዬ፣ ለመጨረሻዋ ሁለት ኪሎ ሜትር መኪና የሚበዛበትን ገባሁ። ግራ ጉልበቴ ውስጥ ብረት አለ። ሰባት ሳምንት ተኛሁ። የወይራ ለቀማ ያልኩት ውሸት ነው። ሥራው እንዳያመልጠኝ ሽማግሌው ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ጓደኛውን አገኘልኝ፤ እሱ ይነዳል፣ ማታ መጥቶ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። አርባ ዓመት ደብዳቤ ያደለ ሰው ነው፤ በርና ውሻ እንጂ ሌላ አይታየውም። ነፋስን ልጠይቀው እንኳ ትዝ አላለኝም። አንተ ከአልጋህ ላይ ሆነህ አየኸው።

ያልነገርኳችሁ ለምን እንደሆነ አዳዳ ታውቀዋለች። በእኛ ቤት ክፉ ወሬ ባሕር አይሻገርም።

ጫፉ ጎማ የሆነውን ምርኩዝ ሁለት ገዝቻለሁ። ረዥሙን መንገደኛው ይዞልሃል። ሁለተኛው ከውስጥ ባለው ፎቶ ላይ በእጄ ይታያል፤ ሙሉ ቁመት ነው፣ ወረቀት ተገኘ። ግራ እግሬ አጠር ብሎ ታየው ይሆናል። ቁጠራቸው፣ ሁለት ናቸው።

አዳዳ፣ ይህን ከዚህ በታች ያለውን አትዝለዪው። ቦጂያ ካለም አንብቢለት።

አባዬ፣ ዛሬ ጠዋት ሽማግሌው ብስክሌቱን ያዘልኝና ወጣሁ። ከባሕሩ እስከ ዶልቼዶ ድልድይ ሰባት ኪሎ ሜትር። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ፈጀብኝ። ቅርጫት የያዘች አሮጊት በእግሯ ቀደመችኝ፤ ዞር ብላም «አይዞህ» አለችኝ። ውሻ አልቆጠርኩም። መንገዱን ሁሉ ነፋሱ ከተራራው እየወረደ ደረቴን ይዞ «ተመለስ» ሲለኝ ነበር፤ አንተ ከኋላ ስለነበርክ አልተመለስኩም።

ማርሹ የመጨረሻው ትንሹ ነበር። ከእሱ በታች ቢኖር እሱን እይዝ ነበር።

ልጅህ ዲንሳ ገቢሳ